ሽማግሌ የተላከበት ሥራ

አባዬ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብኝ ነበር። ክፉ አባት ልጁን ይተዋታል፤ የእኔው ግን ሽማግሌ ላከልኝ። ለጋብቻ ቢሆን ማንም አይደነቅም። አባዬ ሽማግሌ የላከው ሥራ እንዲቀጥሩኝ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በአይቲ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ዳባት አጠገብ ካለችው መንደራችን እየተነሳሁ ማስታወቂያ የተለጠፈበትን ግድግዳ ሁሉ አንብቤአለሁ። ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱ ከየት እንደሚገኝ የሚናገር ግን አላየሁም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ኮምፒውተር ተምራለች ሲባል ስለሰሙ የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ ያመጡልኛል። በመጨረሻ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሱቅ እንድጠብቅላት ተመከረ። አባዬ በምክሩ ተስማማ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምሳውን መጨረስ አቃተው።

እንዲህ ሳለን ደባርቅ ያለ አንድ የጉዞ ድርጅት የአይቲ ባለሙያ ፈለገ። የሰሜን ተራሮችን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። ልምድ አይጠይቅም። ከማስታወቂያው ግርጌ «በአማላጅ የሚመጣ አመልካች ከውድድር ይሰረዛል» የሚል በቀይ ተጽፏል። ወደድኩት። አማላጅ ስለሌለኝ ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። ለአባዬ ግን አላነበብኩለትም፤ ምን አስቤ አነብለታለሁ?

ፈተናው ዓርብ ዕለት ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሪት ሃና ጎንደር ያደገች፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ሴት ናት። በየተራ ኮምፒውተር ፊት እያስቀመጠች ችግሩን ነገረችን። ሁለት እንግዶች በድረ ገጻቸው እኩል ሲመዘገቡ አንዲት በቅሎ ለሁለቱም ትሰጣለች፤ ባለፈው ተራራው ላይ ጨነቅ በሚባለው የእንግዶች ማደሪያ ሁለት ቡድን በዚሁ ተጣልቷል። ኮዱን ከፍቼ አነበብኩ። ሲስተሙ በቅሎዋ ነፃ መሆኗን ካየ በኋላ መዝግቦ እስኪጨርስ ድረስ ለሌላው ሰው በሩን አይዘጋም ነበር። ዘጋሁት። ወይዘሪት ሃና ደጋግማ ሞከረችው፤ አልተበላሸም። «ሰኞ እንደውልልሻለን» አለችኝ፤ ፈገግታዋን ግን አልደበቀችም።

ቤት ገብቼ ለአባዬ ጥሩ እንደሠራሁና ሰኞ እንደሚደውሉልኝ ነገርኩት።

«እዚያ ማን አለሽ?» አለኝ።

«ማንም የለኝም።»

«እንግዲያውስ አይደውሉም» አለና ወጣ። አባዬ ሰው የሌለው ሰው ሥራ አያገኝም ብሎ ያምናል፤ ካየው ነገር አንጻር አልፈርድበትም። የት እንደሚሄድ ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ የደብራችንን መሪጌታ ሀብተ ሚካኤልንና ጎረቤታችንን አያ እንግዳውን ይዞ ደባርቅ ገባ። የሆነውን ያጫወተኝ የድርጅቱ ዘበኛ ነው። ሦስቱም ቢሮ ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ ሽማግሌ የመጣበት ሳይሰማለት አይቀመጥም።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ መሪጌታ። «የክንዴን ልጅ የትናየትን ለቤትዎ እንዲቀበሉን ነው። ከደህና ዘር ናት፤ ጠበኛ አይደለችም፤ እጇም ንጹሕ ነው።»

አያ እንግዳው ደግሞ ልማድ ሆኖባቸው፣ «ጥሎሽም አንጠይቅም» ብለው አከሉ።

ወይዘሪት ሃና ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አባቶቼ፣ በጣም አዝናለሁ» አለቻቸው። «ልጅቱ ፈተናውን አልፋ ነበር። አማላጅ ያመጣ ይሰረዛል ብለን ጽፈናል። አንዱን ብተው ነገ ሁሉም ዘመዱን አስከትሎ ይመጣል።»

አባዬ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዱን ብቻ ነው። «አልፋ ነበር?» አለ።

«አንደኛ ወጥታ ነበር።»

ማታ ቤት ሲገባ ሳይቀመጥ ነገረኝ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ» አለ። በሕይወቴ አባዬ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አደረግሁት። «ሰው የለኝም ያልኩህ ሰው ስለማያስፈልገኝ እኮ ነው» ብዬ ጮህኩበት። ወደ አክስቴ ልሄድ ልብሴን በሻንጣ መክተት ጀመርኩ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ዘበኛው ነበር፤ ቁጥሬን ከማመልከቻዬ ላይ አግኝቶ ነው። «አባትሽ እዚህ ናቸው፤ ቶሎ ድረሽ» ከማለት በቀር ሊያብራራልኝ አልፈለገም። በምን ሚኒባስ እንደተሳፈርኩ ሳላውቅ ደባርቅ ደረስኩ።

አባዬ በድርጅቱ ግቢ መሃል ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። በአገራችን ከባድ በደል የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበውታል። ወይዘሪት ሃና ፊት ለፊቱ ቆማ እንዲያወርደው ትለምነዋለች።

«ሥራ ልጠይቅ አልመጣሁም» አለ አባዬ። «ሥራውን ለፈለጉት ይስጡት። ልጄ በእግሯ ቆማ ሳለ በሰው ትከሻ የምትሄድ ያስመሰልኋት እኔ ነኝ። በአማላጅ መጣች የሚለውን ስም ብቻ ያንሱላት። ጥፋቱ የእኔ የክንዴ ነው።»

ሠራተኞቹን ገፋ ገፋ እያደረግሁ ወደ እሱ ተጠጋሁ።

ወይዘሪት ሃና እንባዋን እየዋጠች «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ዘበኛው ድንጋዩን አወረደለት። አባዬ አመስግኖ፣ ጋቢውን አራግፎ ሊሄድ ሲዞር ከእኔ ጋር ተያየን፤ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጠ። እሷም አየችኝ።

«ነይ ግቢ፤ ዛሬ ትጀምሪያለሽ» አለችኝ።

ይህን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። «አልገባም» አልኩ። «አሁን ብገባ በድንጋይ ገባች ይሉኛል። ሰው ሁሉ እያየ ሌላ ፈተና ይስጡኝ። ከወደቅሁ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ።»

«አንቺስ ከአባትሽ ትብሻለሽ» አለች። ቢሆንም ኮምፒውተሩን በረንዳ ላይ አስወጣችልኝ። የሰጠችኝ ችግር ከፊተኛው ይከብዳል፤ አንድ እንግዳ ጉዞውን በሰረዘ ቁጥር ሲስተሙ ለሌሎች የሚልከው መልእክት ከሰው ሰው ይምታታል። አባዬ ተሸክሞት በመጣው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። መስመር በመስመር አነበብኩ። ያገኘሁት መስሎኝ አስተካከልኩ፤ ሲሞከር ተበላሸ፤ አንዱ ሠራተኛ ሳቀ። አልቅሽ አልቅሽ አለኝ። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ነው የተገለጠልኝ። አንድ ስም ሲሰረዝ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ወደ ላይ ይጠጋሉ፤ ሲስተሙ ግን የሚልከው በድሮው ተራቸው ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ የማይለወጥ የራሱ መለያ ሰጠሁትና በዚያ እንዲላክ አደረግሁ። ሞከሩት፤ ሠራ። ቀድሞ ያጨበጨበው ያ የሳቀው ሠራተኛ ነው።

አባዬ ተነስቶ መጣ። «ሥራውን ያገኘችው በይቅርታው ነው?» ሲል ወይዘሪት ሃናን ጠየቃት።

«አይደለም፤ በራሷ ነው።»

«እኔ ምንም አልረዳኋትም?»

«ምንም አልረዷትም።»

ስልኩን አውጥቶ ለመሪጌታ ደወለና ይህንኑ እንድትደግምላቸው አቀበላት። ደገመችላቸው።

ወደ ዳባት ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። አባዬ ገና ሳንነሳ ለአጠገቡ ሰው፣ ከዚያ ለኋለኞቹ፣ ከዚያም ለሾፌሩ ነገረ። «ይቺ ልጄ ናት። የኮምፒውተር ሥራ ያዘች። እኔ ምንም አልረዳኋትም።» ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ቅር አላቸውና፣ «ምነው አባት፣ ልጅን ይረዷል እንጂ» አሉት። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ንግግር ያንገበግበው ነበር።

«ኧረ ምንም አልረዳሁም» አላቸው ፊቱ እየበራ።

ጫንቃው በድንጋዩ ተልጦ ቀልቷል። አባዬን ሁልጊዜም እወደው ነበር፤ ያን ሰዓት የወደድኩትን ያህል ግን ወድጄው አላውቅም። እኚያ እናት እውነቱን እንዲያውቁ ልነግራቸው አፌን ስከፍት በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ዝም አልኩለት።