የደምሰው ሞተሮች

የደምሰው ልብ ሥራ ካቆመች ወዲህ በየደም ሥሩ ገብተው ደሙን የሚያዘዋውሩለት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሞተሮች ናቸው። ሞተሮቹ ብርሃን ብቻ ይፈልጋሉ፤ ሌላ ምንም አይጠይቁም። ቀን ቀን ደረቱን ገልጦ ግቢው ውስጥ በወጣለት አልጋ ፀሐይ ላይ ይተኛል፤ ሲመሽ ሚስቱ አልጋነሽ አምፖል ታበራለታለች። መብራት ከሄደ ባትሪ ይዛ ከራስጌው ትቆማለች። መብራት ደግሞ መሄድ ሥራው ነው። ከክረምት ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ ሞተሮቹ ከደረቱ ውስጥ ተናገሩ።

«አልጋነሽ፣ ደከመን።»

«እኔስ? እኔ ከብረት ነው የተሠራሁት?»

«ትንሽ ጥላ ፈልገን ነበር።»

«ከቆማችሁ ይሞታል እኮ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ልትቆጣቸው አሰበች፤ ግን ቁጣም አቅም ይጠይቃል። አጠገቡ ሰሌን ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት።

የደምሰው ታላቅ እህት እትዬ የሺመቤት ሊጠይቁት የመጡት ያን ጊዜ ነው። ወንድማቸው በጠራራ ፀሐይ ደረቱን ሰጥቶ ተጋድሟል። ስለ ሞተሮቹ ተነግሯቸዋል፤ ግን ሞተር ሌላ፣ ምች ሌላ።

«ኧረ በስመ አብ! ምች ሊገድለው ነው እኮ!»

የለበሱትን ጋቢ አውልቀው እስከ አናቱ ሸፈኑት፤ ዳር ዳሩንም ጥሩ አድርገው ጠቀጠቁለት። አልጋነሽ አሳዘነቻቸውና አልቀሰቀሷትም። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁ።

አልጋነሽ ስትነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ጋቢውን ገፈፈችው። ደረቱ ቀዝቅዟል። ጆሮዋን ብትለጥፍ ከውስጥ የሚሰማው ማንኮራፋት ነው፤ የብዙ ጥቃቅን ነገሮች ማንኮራፋት።

«ተነሱ እንጂ! እባካችሁ!»

አልተነሱም።

«እንዴት ደስ ብሎት ተኝቷል» አሉ እትዬ የሺመቤት።

ከጋቢው ውጪ ቀርታ የነበረችው ቀኝ እጁ ብቻ ናት። ፀሐይ ስታገኝ ስለዋለች እሷ አልሞተችም፤ ትሞቃለች፣ ጣቶቿም ይንቀሳቀሳሉ። አልጋነሽ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ አልጋውን በእትዬ የሺመቤት አጋዥነት ወደ ቤት አስገባችና እጁን አምፖሉ ሥር አመቻቸቻት።

«ይህቺም ትበቃኛለች» አለች። ባትሪዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ልማዷ ልትጠብቅ ቁጭ አለች።

እጁ የአልጋነሽን ፊት ዳሰሰች፤ ዓይኖቿ ሥር ያበጠውን ቀስ ብላ ነካካች። እጁ ባትሪውን ከአልጋነሽ ጭን ላይ አንስታ አልጋው ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሰች ማጥፊያውን አገኘችና መብራቱን አጠፋችው።