ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን

አሥራ አንደኛዋም ጥይት ጠርሙሱን ሳተችው።

ማስታወቂያ የሚል ስም የወጣለት ሰውዬ የጌሙን የፕላስቲክ ሽጉጥ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አገላበጠው፤ ሲገላበጥ የሚሻሻል ይመስል። ከዚያ አንድ እርምጃ ቀረበና አሥራ ሁለተኛዋን ተኮሰ። የግድግዳውን ግማሽ በያዘው ስስ ቴሌቪዥን ላይ የተደረደሩት ስድስት አረንጓዴ ጠርሙሶች ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ አፈሙዙን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ተኮሰ። ጠርሙሶቹ እንደቆሙ ናቸው።

"አንገታቸውን በእጅህ ብታንቃቸው ይቀልሃል" አለ ከእንግዶቹ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

እትዬ ብየዳ አልሳቁም። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ የብርቱካን ጭማቂያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ደስታቸው በሳቅ የሚባክን ዓይነት አልነበረም፤ ቀስ ብሎ የሚጠጣ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ሱቃቸው ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ኖረዋል። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው ከእጃቸው ከማትለየው የብየዳ ብረት የተነሳ ነው፤ ምላሳቸውን የቀመሱ ሰዎች ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። ማስታወቂያ ደግሞ የአንድ ልጃቸው እጮኛ ነው። ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው፣ በልባቸው። ሰውዬው "እንደምን ዋላችሁ" ለማለት እንኳ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጥርሱን ያሳያል፤ አዲስ ሳሙና ሊሸጥ የመጣ ነው የሚመስለው። ይህ የሠላሳ አራት ዓመት ጎረምሳ ልጅ ሳለ የተጫወተውን ጌም ሲያስታውስ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ለሰው ሞት አነሰው።

ከሦስት ወር በፊት ልጃቸው ከደህና የቢሮ ሥራዋ ወጥታ ከእሱ ጋር ይህን ቤት ለመክፈት ተነሳች። በሩ ላይ "ያኔ" የሚል የመብራት ጽሑፍ ተሰቅሏል። ውስጡ የዛሬ ሃያ ሠላሳ ዓመት የተሠሩ የጌም ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ካሴታቸው እፍ ተብሎ የሚገባ፣ ገመዳቸው እግር የሚጠልፍ። መግቢያው ላይ ማስታወቂያ በገዛ እጁ የሠራቸው ሁለት ደረጃዎች አሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አራት ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ እትዬ ብየዳ ዛሬ ሲገቡ ጣታቸውን መትቷቸዋል። ደረጃ ማስተካከል ያልቻለ ሰው ትዳር ያስተካክላል ብሎ ማሰብ የልጃቸው ፋንታ ነው።

ሽጉጡ እንደማይሠራ ያውቁ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ማስታወቂያ ሱቃቸው ድረስ መጥቶ ጠይቋቸዋል።

"እማዬ፣ ለጌሙ ምን ዓይነት ቴሌቪዥን ይሻላል?"

"ደስ ያለህን ግዛ" አሉት ከሥራቸው ቀና ሳይሉ።

"ትልቁን ነዋ?"

"ትልቁን ግዛ።"

"እማዬ" ማለቱ ነው ያንገበገባቸው። እናትህ ሞታለች እንዴ ሊሉት አስበው ተዉት። ዝምታ ወርቅ ነው፤ በተለይ ሞኝ ገበያ ሲወጣ። እናም ማስታወቂያ ስድስት ስስ ቴሌቪዥኖች ገዛ። ሽጉጦቹ የደረሱት ዛሬ ጠዋት ስለሆነ የሞከራቸው ሰው አልነበረም።

አሁን ልጃቸው ከፊት ወጣች። ቀይ ሸሚዝ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ላብ ቸፈፍ ብሏል።

"ሽጉጡን ለጊዜው እንተወው" አለች እየሳቀች። "እኔ ያደግሁበትን ጌም ላሳያችሁ። እናቴ የጠገነችው ቴሌቪዥን ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ሠርቶ ካልታየ ከሱቋ አይወጣም። ከትምህርት ቤት መልስ ያንን ሁለት ሰዓት ጌም እየተጫወትኩ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ እጮሃለሁ፤ ካልጠፋ እጫወታለሁ። የስምንት ዓመት ሠራተኛ በሉኝ።"

እንግዶቹ ወደዷት። እትዬ ብየዳም ጭማቂያቸውን ወንበሩ ሥር አስቀመጡ።

"ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ፏፏቴ አለ" አለች ልጅቷ ጆይስቲኩን እያነሳች። "ሌላው ልጅ ዘሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ቆሜ አየው ነበር።"

ጌሙ ተከፈተ። በድሮው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ላይ የአንድ ክንድ ቁመት ያልነበረው የጌሙ ሰውዬ፣ እዚህ በር አክሎ መጣ። ሰውነቱ ጡብ በጡብ ላይ የተደረደረ ነው።

"ይሄ ጢሙ ነው አፉ?" ሲል ጠየቀ ያ ቀልደኛ እንግዳ።

"ጉልበቱ ይሆናል" አለ ሌላው።

ልጅቷ ፈጥና ሦስተኛው ምዕራፍ ደረሰች፤ እጇ አልረሳውም ነበር። ከዚያ ሰውዬውን አቆመችው። ከገደሉ አፋፍ እስከ ታች ሰማያዊ ዘንግ፣ ክፍተት፣ ሰማያዊ ዘንግ፣ ክፍተት። የግቢ አጥር።

"ፏፏቴው የታል?" አለች አንዲት ሴት።

"ከአጥሩ ጀርባ ነዋ" አለ ቀልደኛው፤ አሁን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ልጅቷም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። "ይቅርታ፤ ግራፊክስ ያረጃል አይደል? እናቴ ነግራኝ ነበር። በዚህ ነገር እናቴ አትሳሳትም።" ከአርባ ራስ በላይ አሻግራ እናቷን ፈለገችና ፈገግ አለችላቸው።

እትዬ ብየዳ ፈገግታውን የሚያስቀምጡበት ቦታ አጡ። ሐሙስ ዕለት ደውላላቸው ነበር። "እማዬ፣ ፏፏቴው ምን ሆነ? እንዲህ ነበር እንዴ?" ብላ። እሳቸውም ስልኩን በትከሻቸው ይዘው፣ እየበየዱ "ያረጀ ነገር ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሏት። ሳያስቡት የወጣ ቃል አልነበረም። አስበውበታል።

ከፊታቸው አንዲት ሴት ተነሳች፤ የልጃቸው የቀድሞ የቢሮ አለቃ። ሽቶዋ ቀድሟት ሄደ። የልጅቷን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ ግን ለብቻ የምታወራ መስላ፣ "አይዞሽ የኔ ቆንጆ" አለቻት። "ወንበርሽ አሁንም ባዶ ነው። ሰው ከስህተቱ ነው የሚማረው። የዕቃ ዕቃ ጨዋታው ሲሰለችሽ ብቅ በይ።"

በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሏል ይህ ነው። እትዬ ብየዳ ሴትዮዋን ለመናቅ ተዘጋጁ፤ ንቀት ደግሞ ሁልጊዜ ከእጃቸው አይርቅም። ግን ድምፁን አወቁት። ያ ለስላሳ፣ ከላይ ወደ ታች የሚንጠባጠብ "አይዞሽ" የራሳቸው ነበር። ማስታወቂያን "ደስ ያለህን ግዛ" ያሉት በዚሁ ድምፅ ነው። ከሰው አፍ ሲሰሙት ቀፈፋቸው፤ አፈሩም።

ልጃቸው "ኬክ ላምጣ" ብላ ወደ ጓዳ ስትገባ ተከትለዋት ገቡ። ጠባብ ጓዳ ናት፤ የቴሌቪዥኖቹ ባዶ ካርቶን ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ኬኩን ትቆርጣለች።

"አላረጀም" አሉ።

"ምኑ?"

"ፏፏቴው። ዛሬም ያው ነው። ቴሌቪዥኑ ነው የተለየው።" ባዶውን ካርቶን በእጃቸው መታ አደረጉት። "ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ምስሉን በጨረር ነው የሚሥለው፣ መስመር በመስመር። ነጥቡ ጠርዝ የለውም፤ ወደ ጎረቤቱ ይፈሳል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህን አውቀው ነው ዘንግና ክፍተት እያፈራረቁ የሣሉት። መስታወቱ ላይ ሲደርስ ይቀላቀልና ውሃ ይሆናል። ስሱ ቴሌቪዥን ግን ምንም አያቀላቅልም። የተሰጠውን እንዳለ ያጋልጠዋል።"

ልጅቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ሐሙስ ዕለት ይህን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሽጉጡንስ?"

"እሱም ያንኑ ጨረር ነው የሚያየው። ጨረር ከሌለ ዕውር ነው።"

"ታውቂ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ፣ እማዬ።"

"አዎ።"

"ለምን?"

እትዬ ብየዳ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሲያሹት የቆዩት መልስ ነበራቸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሊሏት ነበር። አሁን ግን ተረቱ ልጃቸውን አህያ እንደሚያደርጋት ታያቸው። "ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንድታዪው ብዬ" አሉ ብቻ።

"እሱን ልታሳፍሪ።" ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርገው ይሻላቸው ነበር። "እዚያ ቆሜ የተሳቀብኝ እኮ እኔ ነኝ። እናቴ አትሳሳትም ብዬ ለአርባ ሰው የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጅ ስለነበርኩ ነው ያማረኝ፣ ልጅነቴን ሙሉ አጥር ላይ አፍጥጬ ነው ያደግሁት ብዬ ራሴን ሳሳምን ነበር። ያንን ነው የወሰድሽብኝ።"

የጓዳው በር ተከፈተ። ማስታወቂያ ነው፤ ሽጉጡ አሁንም እጁ ላይ አለ።

"ሰምቻለሁ" አለ። "ግድግዳው ስስ ነው።"

እትዬ ብየዳ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠበቁት። ቢሰድባቸው መልሱ ተዘጋጅቷል፤ እንዲያውም ቢሰድባቸው ውለታ ነበር።

"ስንት አሉዎት?" አላቸው።

"ምን?"

"ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን።"

"ሰባት። ስድስቱ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ። የሚሠራው አንድ ብቻ ነው።"

"እሱስ የማን ነው?"

"የኔ።"

ሰውዬው ሽጉጡን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠና የሸሚዙን እጅጌ መጠቅለል ጀመረ። ቂም መያዝ እንኳ የማይችል ፍጡር፣ አሉ በልባቸው። ሐሳቡ እንደ ወትሮው አላረካቸውም። ሞኝነት ነው እንዳይሉ፣ የሚያስፈልገውን ከሁሉም ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነው። ደግነት ነው ለማለት ደግሞ አፋቸው አልለመደም።

"ኬኩ እንግዶቹን ስንት ደቂቃ ያቆያቸዋል?" ብለው ጠየቁ።

"ሃያ" አለች ልጃቸው። አላየቻቸውም።

እትዬ ብየዳ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ቴሌቪዥን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ተቀምጧል። ማታ ማታ ዜና የሚያዩበት፣ ልጃቸው የመጀመሪያዋን ፏፏቴ ያየችበት እሱ ነው። እትዬ ብየዳ ሶኬቱን ነቀሉ፤ በጀርባው ያለውን አቧራ በጨርቅ ጠረጉት። ጨርቁን ወረወሩና እንደገና አንስተው ጠረጉት። ማስታወቂያ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሊያቅፈው ሞከረ።

"በወገብህ አይደለም፣ በጉልበትህ" አሉት። "ሳሙና መሰለህ እንዴ?"

"የምን ሳሙና?"

"ተወው። ስማ፤ ክብደቱ ያለው ፊቱ ላይ ነው። ጀርባው ባዶ ነው። ሰው ሆዱን አይቶ ይፈራዋል እንጂ የሚጎዳው መስታወቱ ነው።"

"እና ፊቱን ማን ይይዛል?"

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቋቸው አያውቅም። ፊቱን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ፊቱን የያዘ ወደፊት ይሄዳል፣ መንገዱን ያያል፤ ጀርባውን የያዘው የኋሊት እየተራመደ የሰው ዓይን ያምናል። እሳቸው የማንንም ዓይን አምነው አያውቁም፤ የዚህን ሰው ዓይንማ ከሦስት ቤት ርቀት የሚታይ ጽሑፍ እንኳ አያነብም ብለው ሲምሉበት ከርመዋል። አዲሱን ነጭ ሸሚዙን አዩት፤ ደረቱ ላይ ቀድሞ አቧራ ነክቶታል።

"አንተ ያዝ" አሉ። "ደረትህ ላይ አስጠጋው። መንገዱንም አንተው ንገረኝ።"

ተሸክመው ወጡ። ማስታወቂያ ይህን ዕድል ሲጠብቅ የኖረ ይመስል አፉን አልዘጋም። "ወደ ግራ ትንሽ፣ አዎ፣ እንደሱ። ጉድጓድ አለ፣ ሰፊ አይደለም። አሁን ሞተር ሳይክል ቆሟል፣ ወደ ቀኝ። በጣም ጥሩ ነው እየሄዱ ያሉት።"

"ጨዋታ እያስተላለፍክ ነው ወይስ መንገድ እያሳየኸኝ?" አሉት እያለከለኩ።

"ሁለቱንም" አለ፤ እሱም ያለከልካል።

የሱቅ ባለቤቶች በየበራቸው ቆመው አዩአቸው። አንዱ "እትዬ፣ ወደፊት መሄድ ተዉ እንዴ?" ብሎ ቀለደ። በሌላ ቀን ቢሆን እስከ ልጅ ልጁ የሚደርስ መልስ ይሰጡት ነበር። ትንፋሻቸውን ለቴሌቪዥኑ ቆጠቡ።

"ያኔ" በር ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ሁለቱም የበሩ መዝጊያዎች ሲከፈቱ ሰሙ። የልጃቸው ጫማ ነው፤ ወንበር እየገፋች መንገድ ታስለቅቃለች። የምታናግራቸው ነገር ካለ፣ ከፏፏቴው በኋላ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል።

"ደረጃ፣ እማዬ" አለ ማስታወቂያ። "ሁለት ነው። ሁለተኛው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ደረጃውን ዞር ብለው ሊያዩት ይችሉ ነበር። አንገታቸው መዞር ጀምሮም ነበር። መለሱትና ፊት ለፊታቸው ያለውን ላብ ያጠመቀው ፊት እያዩ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ አነሱ።