የጁምዓዋ መስመር

ጭብጨባው ሲጀመር ዓዲላ ሰይድ እጇ ከጭኗ ላይ አልነሳ አላት። አዳራሹ ሁሉ ለሙሀመድአሚን ያጨበጭባል። የዞኑ እንግዶች ያጨበጭባሉ፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ባንተይርጋ ደግሞ ልጅ እንደዳረ አባት ቆመው ያጨበጭባሉ። እሷም በመጨረሻ፣ ሰው እንዳይታዘባት ብላ፣ ሦስት ጊዜ ጠፍ ጠፍ አደረገች።

«እንግዲህ ይኸው!» አሉ አቶ ባንተይርጋ። «ከዛሬ ጀምሮ ቦርከና ሲሞላ ራሱ ለጨፋ ገበሬ ይደውላል!»

ወንዙ መደወል የጀመረው ዛሬ ነው እንዴ? በዓዲላ ሆድ ውስጥ ያለውን ነገር ሳንሸፋፍን በስሙ እንጥራው፤ ቅናት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ወንዙን ስታስደውል የኖረችው እሷ ናት። ማኅበሩ የሚጠቀምባቸው ሦስት የኢንተርኔት አገልግሎቶች አሉ። አንዱ ከጨፋ ሽቅብ ወንዙ ላይ ከተተከለው መለኪያ የውሃውን ከፍታ ይናገራል፤ ሁለተኛው የገበሬውን ስም ከነስልኩ ይዟል፤ ሦስተኛው መልእክት ይልካል። ሦስቱን የሠሯቸው ሰዎች የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ አነጋገር ለሌላው አይገባውም። መሀል ገብታ ያግባባቻቸው፣ አንዱ የሰጠውን ተቀብላ ለሌላው በሚገባው መንገድ የምታቀብል ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የጻፈችው ዓዲላ ናት። ስክሪፕቷ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ የተደረደረ ጽሑፍ ብቻ ስለነበረች ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም።

ሙሀመድአሚን ከአዲስ አበባ ከመጣ አራት ወሩ ነው። ከሚሴ አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ አንደኛ የምትወጣው እሷ ነበረች፣ ሁለተኛ እሱ። መጣና ስክሪፕቷን ከነሥሯ ነቅሎ አዲስ ጻፈ፤ ቀለም የሚቀያይር ካርታም ጨመረበት። ለእሷ ታስቦ የነበረው የሲስተም ክፍል ኃላፊነት ከመስከረም ጀምሮ የእሱ ነው ተብሎ መወራት ከጀመረ ሰነበተ። ከሁሉም የሚያንገበግባት ደግሞ ደግነቱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆንላት ምን ነበረበት?

ስብሰባው ሲበተን አቶ ባንተይርጋ እንግዶቹን ይዘው ለምሳ ወጡ። ሙሀመድአሚን ኮፍያውን እያስተካከለ ወደ ዓዲላ ጠረጴዛ መጣ።

«ዓዲላ፣ አልተቀየምሽኝም አይደል?»

«ምን አድርገኸኝ?»

«ከስክሪፕትሽ ብዙውን ጣልኩት እኮ። ያቺን የጁምዓዋን መስመር እንኳ አላስቀረኋትም።»

«አይቻለሁ።»

«በኔ ሲስተም መልእክቱ ስልኩ ዝግ ሆኖ ላገኘው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደገምለታል። እስከዚያ ሶላቱ ያልቃል። እንዲህ አይሻልም?»

ውሃው ሶላቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል ወይ፣ ማለት ነበረባት። የጁምዓዋ መስመር ዝም ብላ አልተጻፈችም። ጁምዓ ቀትር ላይ የጨፋ ወንድ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ መስጊድ ይገባል፤ ቤት የምትቀረው ሚስቱ ናት። ስለዚህ የዓዲላ ስክሪፕት በዚያ ሰዓት ከመዝገቡ የሴቶቹን ቁጥር ፈልጋ ለእነሱ ትልክ ነበር። ሙሀመድአሚን ጁምዓን አልረሳም፤ የረሳው ከመስጊዱ ውጭ የሚቀረውን ሰው ነው። ይህን ዓዲላ ካወቀች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ ሁለት ሳምንትም ዝም ብላለች።

«ይሻላል» አለችው።

«ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል፤ እኔ ግን ወሏሂ አንቺን ምቀኛ አድርጎ እንዳያመጣብኝ ነው የምለምነው» ብሎ ሳቀና ስልኩን አጥፍቶ ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ሲሆን ካርታው ቀላ። ከጠዋት ጀምሮ በስተሰሜን የጠቆረው ሰማይ ሥራውን ሠርቶ ኖሯል፤ ውሃው ከመለኪያው ቀይ መስመር አልፏል። ከዚያ ተነሥቶ የጨፋን ግጦሽ ለመሙላት ደግሞ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። አዲሱ ሲስተም ፈጥኖ መልእክቱን ላከ፤ ፈጥኖም ውጤቱን ጻፈ፦ ያልደረሳቸው 412፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደገማል።

ዓዲላ ደስ አላት። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አላት። የዞኑ እንግዶች ከምሳ ሲመለሱ ካርታው ቀልቶ፣ ገበሬው ሳይሰማ፣ ውሃው ቀድሞ ሲገኝ ታያት። ያን ጊዜ ማን ለማን እንደሚያጨበጭብ እናያለን፣ አለች በሆዷ። አሮጌዋ ስክሪፕት አጥፊያት ከተባለች በኋላም ኮምፒውተሯ ውስጥ ነበረች። አንድ ጊዜ ብትጫናት ትነሣለች። አልተጫነቻትም፤ እጇን አጣጥፋ ሰዓቱን ማየት ያዘች።

ስድስት ከአርባ ስምንት ላይ ግን የወንድሟ ላሞች ትዝ አሏት፤ ወደ ወንድሟ ሚስት ወደ ዘሃራ ደወለች።

«አካም ጅርታ ዘሃራ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። ምነው በደህና ነው በዚህ ሰዓት?»

«ከብቶቹ የት ናቸው?»

«ታች ሜዳው ላይ ናቸዋ። የሰፈሩ ከብት ሁሉ እዚያው አይደል።»

«ውሃ እየመጣ ነው። ቶሎ ወደ ጋራው አውጫቸው።»

«ያ ረቢ! እሺ፣ እሺ እህትዓለም…» ዘሃራ መሮጥ ስትጀምር ትንፋሿ በስልኩ ተሰማ። ከዚያ ቆመች። «ቆይ ግን፣ ስልኬ እኮ መልእክት አልገባበትም። በፊት ጁምዓ ሲሆን የኔም ስልክ የጎረቤቴ የሳቢራም ስልክ አንድ ላይ ነበር የሚጮኸው። ለሰዉ አልተላከም እንዴ?»

ዓዲላ ስክሪኑ ላይ ያለውን 412 አየች።

«ዓዲላ? ለኔ ብቻ ነው የደወልሽው?»

«ሩጪ አንቺ! ይላካል» ብላ ዘጋችው።

እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ጎረቤት ሲሰምጥ የራሷን ላም የምታወጣ ሰው ትሆናለች ብሎ ማንም አልጠረጠራትም፤ እሷም ራሷን አልጠረጠረችም ነበር። አሮጌዋን ስክሪፕት ፈልጋ ከፈተቻት። የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ገባላት። ስድስት ከሃምሳ ሁለት ላይ ተጫነቻት። ስክሪፕቷ ከፍታውን ጠየቀች፣ መዝገቡን ጠየቀች፣ የሴቶቹን ቁጥር ይዛ ለመልእክት ላኪው አቀበለች። ደረሰ፣ ደረሰ፣ ደረሰ እያለ ጥቁሩ ስክሪን በጽሑፍ ሞላ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሀመድአሚን በዝናብ ርሶ እየሮጠ ገባ። ስክሪኑን አየ፤ ቁጥሮቹን አየ፤ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

«ሴቶቹ…» አለ። «ዓዲላ፣ እኔ ሴቶቹን አላሰብኳቸውም።»

ወዲያው ዘሃራ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። «ሜዳው አሁን ባሕር ሆኗል። የሁላችንም ወጥቶልናል፣ አልሃምዱሊላህ። የሳቢራ ሁለት ጥጃዎች ግን ተወሰዱ። በር ላይ ናቸው ብላ ስታስብ ሜዳ ወርደው ኖሯል፤ ደረስኩባቸው ስትል… ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ።»

አቶ ባንተይርጋ ከእንግዶቹ ጋር ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሙሀመድአሚን ሪፖርቱን ጽፎ ወደ ዓዲላ ስክሪን ላከው። «አንቺ ፈርመሽ ላኪው» አላት።

አነበበችው። «ከ6፡40 እስከ 6፡52 ማስጠንቀቂያው ለጨፋ ያልደረሰው በእኔ በሙሀመድአሚን የአሠራር ስህተት ነው። ያዳነችን የዓዲላ ሰይድ ስክሪፕት ናት።»

«ካጠፋሁ አጠፋሁ ነው» አለ እሱ። «አሥራ ሁለቱም ደቂቃ የኔ ናቸው።»

«እንግዲህ ከመስከረም ጀምሮ ኃላፊዋን አገኘን» አሉ አቶ ባንተይርጋ። አንዱ እንግዳ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አራት ወር ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ እጇ ገባ፤ ኃላፊነቱም፣ ጭብጨባውም፣ የሙሀመድአሚን አንገት መድፋትም።

ዓዲላ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አጠፋችና በቦታው ጻፈች፦ «አዲሱ ሲስተም ጁምዓ ላይ ሴቶቹን እንደሚዘል ዓዲላ ሰይድ ከሁለት ሳምንት በፊት ታውቅ ነበር፤ አልተናገረችም። ዛሬም ከ6፡40 ጀምሮ ስክሪኑን እያየች ዝም ብላለች። በ6፡48 ለወንድሟ ሚስት ብቻ ደወለች። ለሌላው የላከችው በ6፡52 ነው።»

«ያዳነችን የዓዲላ ሰይድ ስክሪፕት ናት» የሚለውን ግን አላጠፋችውም። እሱም እውነት ነበር።

ጭብጨባው ገና አላለቀም። ጣቷ የመላኪያው ቁልፍ ላይ ትንሽ ቆየ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ግን አልቆየም።