ሁለት ጣት ወደ ኋላ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት እትዬ ሜትር በሚለው ስሟ ነው። ቦርሳ፣ ድንኳን፣ የመኪና ወንበር ልብስ፣ ብቻ ከሸራና ከቆዳ የሚሠራ ነገር ካለ የሷ እጅ ያልነካው የለም፤ የመለኪያው ሜትርም ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ባሏ መምህሩ «ስትተኛስ ታወልቀዋለች ብላችሁ ነው?» እያለ ሰውን ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። በሜትሩ ቢቀለድባት አይከፋትም። በስፌቷ ግን ቀልድ የለም።

ለዚህ ምስክሩ የሱሪው ነገር ነው። ከዓመታት በፊት መምህሩ ወደ ሥራ ሲሄድ እሷ የሰፋችለት ሱሪ ጠርዝ ተተረተረበትና ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለ ልብስ ሰፊ ጎራ ብሎ አሰፋው። ምን ያድርግ፣ ጠርዙን እየጎተተ ተማሪ ፊት ይቁም? ከሥራ ሲመለስ ገና ከበሩ ላይ አየችው። «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አላናገረችውም። እሱ ቀኑን ቆጥሮ ለጎረቤት አወራው፤ ጎረቤትም እስከ ዛሬ ይስቅበታል። መምህሩ ግን ከሳቁ ጋር አንድ ትምህርት ይዞ ወጣ፦ እሷ በሰፋችው ላይ የሌላ ሰው መርፌ አይገባም።

የብስክሌቱን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ሃምሳ አራት ዓመት የሞላው ዕለት፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምርበት የኖረው ካርታ ፊት ቆሞ «እኔ እኮ ይህን ሁሉ አገር በጣቴ ነው የዞርኩት» አለ። ከከተማው እስከ ትልቁ ሐይቅ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱ ብቻውን ሄዶ መንገዱን ሊሞክር፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ተስማሙ። እሷ ብስክሌት ነድታ አታውቅም ነበር። በሃምሳ ዓመቷ፣ ታናሽ ወንድሟ ኮርቻውን ከኋላ ይዞላት፣ ኳስ ሜዳውን እየዞረች፣ እየወደቀች እየተነሣች ለመደችው። የሰፈሩ ልጆች ቢያጨበጭቡባትም አላፈረችም። በትዳር ሃያ ስድስት ዓመት ሲኖሩ ሁለቱ ብቻቸውን ርቀው ሄደው አያውቁም፤ እሱ ከደብተሩ እሷ ከስፌት መኪናዋ ሳይነሡ ዕድሜው ነጎደ። ያን ሐይቅ ከሱ ጋር ጎን ለጎን ደርሶ ማየት ከምንም በላይ ትመኘው ጀመር።

ወንድሟ ብስክሌት ሠሪ ነው። ሁለቱንም ብስክሌት ዕቃ በዕቃ እየመረጠ የገጣጠመው እሱ ሲሆን ምርጫው ብቻ ሦስት ወር ፈጀ። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱም ሱቁ ውስጥ ሣጥን ሣጥን ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። መምህሩ ጎማና መሪ የሚገጠሙበት ቴላዮ ቀለል ያለ አሉሚኒየም እንዲሆን ሲያምረው ወንድሟ «ጋሼ፣ ይሄ የተሰበረ ቀን ማን ይጠግንልሃል? ብረቱን ግን የትም ያለ በያጅ ይበይደዋል» ይለዋል። ጎማው ሰፊ፣ የቸርኬው ሽቦ ብዙ፣ ከፊት ደግሞ ለዳገት የምትሆን ትንሽ የሰንሰለት ጥርስ እንድትኖር ተወሰነ። መምህሩ በትንሿ ጥርስ ቅር አለው። «ይቺ የሽማግሌ ናት» አለ።

«ዳገቱ ሲመጣ ሽማግሌው ማን እንደሆነ ትተዋወቃላችሁ» አለው ወንድሟ።

ትልቁ መከራ ጫማው ነበር። ፔዳሉን ሲረግጡበት ሶሉ የማይታጠፍ፣ ወርደው ብስክሌት ሲገፉ ደግሞ የሚያስኬድ መሆን አለበት። የመምህሩ እግር ደግሞ አርባ ስድስት ቁጥር ነው፤ እሷ «ታንኳ» ነው የምትለው። በሱ ልክ የተገኘው አንድ ጥንድ ብቻ ሲሆን እሱም ተረከዙ ወፍሮ ወደ ኋላ የወጣ ነው። የመጣውም ጉዞው ሳምንት ሲቀረው፣ ቦርሳዎቹ ተሰፍተው መንጠቆ ብቻ ሲቀራቸው ነው።

ቦርሳዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስቀኑ ነበሩ። ወፍራም ሸራ፣ ሰም የጠጣ፣ ታቹ በቆዳ የተለበደ፣ ስፌቱ ሁለት ሁለት ጊዜ የተመላለሰ። ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ናቸው። ወንድሟ በሰጠችው ልክ መጫኛው ብረት ላይ ማረፊያ በይዶላታል፤ ቀሪው ሥራ መንጠቆዎቹን ከቦርሳው ጀርባ ጋር መስፋትና በምስማር መምታት ነበር።

«እትዬ፣ ከመምታትሽ በፊት ቦርሳውን ሙሉ ዕቃ ጫኚበት» አላት ወንድሟ። «እሱም አዲሱን ጫማ አድርጎ ኮርቻው ላይ ይውጣና ፔዳሉን ያዙር። ባዶ ቦርሳ ጭምት ነው፤ ሲሞላ ነው ጠባዩ የሚታወቀው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩትን እግር አንተ ልታስተዋውቀኝ?»

«እግሩን መቼ አልኩ፣ ጫማውን ነው እንጂ።»

«አንተ ልጅ፣ ብሎንህን አጥብቅ» አለችው።

እሱም አጠበቀ። ከእህቱ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈበትን ቀን አያስታውስም። እሷ በመምህሩ አሮጌ ጫማ ለክታ ነበር፤ ለክቼዋለሁ ካለች ለክታዋለች።

በመነሻው ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ስለ መምህሩ የጠየቀ ጥቂት ነበር፤ ቦርሳዎቹን ያላደነቀ ግን አልነበረም። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ «የጠጣው ሰም ብቻ ሁለት ኪሎ ነው» እያለች ታስረዳለች። መምህሩ ተነሣ፣ እጁን አውለበለበ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ወደ እግሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ዞር ብሎ ፈገግ አለና ሄደ። እሷ እንባውን የደበቀ መሰላት።

በየቀኑ ለምሳ ሲያርፍ ይደውላል።

«ቦርሳው እንዴት ነው?» ትለዋለች ገና ስልኩን ስታነሣ።

«ጠብታ ውሃ አላስገባም።»

«ስፌቱስ? የቀኙ?»

«ምንም አልሆነ፣ እንዳማረበት ነው።»

ሐይቁ የደረሰው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። የተመለሰው ግን በአውቶቡስ ነበር፤ ብስክሌቱ ከላይ ታስሮ፣ እሱ በአንድ እግሩ እያነከሰ። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ ሱሪው ጠቦታል። «ዳገቱ ነው፣ ያቺን የሽማግሌ ጥርስ ንቄያት ሠራችልኝ» ብሎ ቀለደ። ይዞት የሄደው ወፍራም ሹራብና አንድ ብርድ ልብስ ጎድለዋል። የት አደረስካቸው ስትለው ለአንድ መንገደኛ ሰጠሁ አለ። ሰጪነቱን ታውቃለች፣ አላመነችውም አይባልም። ቦርሳዎቹንም ራሱ አውርዶ ጓዳ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰቀላቸው።

ሐኪሙ ጉልበቱን እያጠፈ እየዘረጋ ብዙ ጠየቀ። በጉልበቱ መጋጠሚያ ያለው ለስላሳ አጥንት ተበልቷል፤ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻል ይሆናል፣ ረጅም መንገድ ግን ከእንግዲህ አይታሰብም አለ። «እግርህን ፔዳሉ ላይ አጣመህ ነበር እንዴ የምታስቀምጠው?» ብሎም ጠየቀ።

መምህሩ ግድግዳው ላይ ያለውን የአጥንት ሥዕል ተመለከተ።

«ኧረ የለም!» ብላ መለሰችለት እሷ። «ሁሉም ነገር በልኩ የተሠራለት ነው።»

ወር ካለፈ በኋላ ነው ቦርሳዎቹን አጥባ እንደገና ሰም ልትቀባቸው ያወረደቻቸው። የቀኙን ገልብጣ ብርሃን ላይ ስትዘረጋው፣ ከፊት በኩል ከታች፣ ሸራው ተፍቆ ነጥቷል። ቅርጹ ግማሽ ክብ ነው። እጇን ወደ ውስጥ ከተተች። ከውስጥ አንድ ጨርቅ ተለጥፏል፤ ክሩ ጥቁር፣ ስፌቱ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ቋጠሮው የምስር ፍሬ የሚያህል። መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው እጅ ነው። በውጭ በኩል እንዳይታይ ሰም ተጠቅጥቆበታል። የግራውን አየችው፤ እሱም ተፍቋል፣ ግን ያነሰ ነው።

ጓዳ ገብታ አዲሱን ጫማ አመጣችና ተረከዙን በተፋቀው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ።

ቦርሳውን በብብቷ ይዛ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ቦርሳውን ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች። ወንድሟ ቦርሳውን አየ፣ እሷን አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«በሦስተኛው ቀን ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ቦርሳው ተረከዜን ይመታኛል፣ እግሬን ወደ ፊት ገፍቼ፣ ጣቴን ወደ ውጭ አዙሬ ነው የምነዳው አለኝ። ዕቃ ቀንስ አልኩት፤ ሹራቡንና ብርድ ልብሱን ሰጠ። አሁንም ይነካል አለኝ። እንግዲህ ጋሼ፣ ያገኘኸው ልብስ ሰፊ ዘንድ ግባ፣ መንጠቆውን ነቅሎ ቦርሳውን ሁለት ጣት ወደ ኋላ ያሽሽልህ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹የሷን ስፌት?› አለኝና ሳቀ። ለሷ እንዳትነግር ብሎ አስማለኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነው እትዬ፤ መሐላውን አፍርሼ መናገር ነበረብኝ።»

«ያንተ አይደለም» አለችው። የሱ እንዳልሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። ከጣሪያው በታች የሷ ብስክሌት ተሰቅሏል፤ ሰፊ ጎማ፣ ትንሽ ጥርስ፣ ለአጭር እግሯ የተመረጠ ፔዳል፣ አንድም ቀን የሩቅ መንገድ አቧራ ያልቀመሰ። ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። ሰው ሁሉ ስፌቷን እንዲያከብር ስትታገል ኖራ፣ የገዛ ባሏን የሚያስፈራ ነገር አድርጋዋለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ብትናደድስ፣ ብታለቅስስ፣ ጉልበቱ እንደሆነ አይመለስ።

ቤት ስትደርስ መምህሩ መስኮቱ ሥር እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ደብተር ያርማል። ቦርሳውን ሲያይ እስክርቢቶውን አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ልነግርሽ ነበር እኮ። ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር እነግራታለሁ ብዬ ነው የማነሣው። አንቺ ግን መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ቦርሳው ነው። ደስታሽ ከድምፅሽ ይሰማኛል። እሱን ማፍረስ አቃተኝ።»

«ሌላ ሰፊ ዘንድስ? በግማሽ ሰዓት…»

«አሥራ አንዱን ቀን ረሳሽው?» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እዚህ ቤት ሆኜ ኩርፊያሽን እችለዋለሁ። ቢያንስ ስትንጎዳጎጂ እሰማሻለሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን ሆኜ ግን፣ በምሳ ሰዓት ደውዬ ዝም ብትዪኝ… እሱን አልችለውም ነበር።»

ምድጃው ላይ ለሻይ ውሃ ጣደች። ከዚያ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የራሷን ስፌት በምላጭ መተርተር ጀመረች። ሁለት ጊዜ የተመላለሰ ስፌት ስለሆነ ክሩ ታገላት። ምስማሮቹን በጉጠት ነቀለች፣ በሁለት ጣቷ ለክታ ምልክት አደረገች፣ መንጠቆዎቹን አዛውራ ሰፋች፣ መታች። ስትጨርስ ውሃው ገና መፍላቱ ነበር።

ብስክሌቱን ወደ ውስጥ አስገብታ በማቆሚያው ላይ አቆመችው። ቦርሳውን በሱ መጻሕፍትና በሱ ልብስ እስኪነፋ ሞላችና አንጠለጠለችው። ከዚያ የቀኙን ጫማ አንሥታ፣ ልክ እግር እንዳለበት አድርጋ ፔዳሉ ላይ ያዘችውና በእጇ አዞረችው። ባዶው ጫማ ወረደ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ በቦርሳው ጎን ምንም ሳይነካ አለፈ። ደግማ አዞረችው።

«ያልፋል?» አለ መምህሩ ከመስኮቱ ሥር።

«ያልፋል።»

ሌላም ጊዜ አዞረችው። እንባዋ ጫማው ላይ ጠብ ሲል በመዳፏ ጠረገችው። ጫማውን መሬት አስቀምጣ፣ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ መኪናው ላይ ጣለችና መጥታ በርጩማው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ጉልበትህ ዛሬ እንዴት ነው?» አለችው።

እንደ ወትሮው ደህና ነው ሊላት አፉን ከፈተ። አያትና ተወው።

«ያመኛል» አለ።