አቧራ ያልነካው ሳጥን

ወይዘሮ ቨርናን በአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ ሒሳብ ሲያስተምሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ «አዲስ ዘዴ» የሚባል ነገር አንገፍግፏቸዋል። ዘንድሮ ደግሞ ትሬቨር የሚባል ወጣት አሰልጣኝ ከትምህርት ቢሮ ተልኮ መጣና የክፍላቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የማባዣ ሰንጠረዥ ከጫፉ ይልጥ ጀመር።

«ሽምደዳ ቀርቷል፣ ወይዘሮ ቨርና። ልጆቹ ቁጥርን በእጃቸው ይዳስሱ። ባለቀለም የመቁጠሪያ እንጨቶች እናዛለን።»

«አትድከም ልጄ፣ ና» ብለው ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ቤት ይዘውት ወረዱ። ከአሮጌ መጻሕፍት መሃል አንድ ሳጥን ጎትተው ከፈቱለት። ቀዩም ቢጫውም እንጨት እንዳለ ነው።

«እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?»

«አንተ ሳትወለድ እነሱ ነበሩ አዲሱ ዘዴ። ኋላ እንዳንተ ያለ አሰልጣኝ መጣና ልጅ ካልሸመደደ አያውቅም፣ አውጥተሽ ጣያቸው አለኝ። ሰንጠረዡን የለጠፈው እሱ ነው።»

ትሬቨር ሳጥኑን በጣቱ ዳበሰው። በዙሪያው ያሉት መጻሕፍት አቧራ ለብሰዋል።

«ይሄ ግን አቧራ የለውም እኮ።»

«በሬን ዘግቼ ሳስተምር ማን ያየኛል? አንዱ በእንጨቱ ይገባዋል፣ ሌላው በሰንጠረዡ።»

ትሬቨር ሳቁ አመለጠው። ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ወጣና የላጠውን ጫፍ በአውራ ጣቱ መልሶ ለጠፈው። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ግር ብለው ሲገቡ እሱም ከኋላ አንዷ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«በሩን ይዝጉት» አላቸው።