ከጽጌረዳው ጀርባ

«ይኼን አበባ አንሺልኝ» አሉ ወይዘሮ አደይ፣ ጣታቸውን ላፕቶፑ ላይ ቀስረው። «ፊታቸውን ልየው።»

ልጃቸው ወንጌላዊት አቀረቀረች። አባቷ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ የተቀበሩት ትናንት ነው። ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር፤ በቪዲዮ ያሉት በወንድሟ በሣህሉ ሠርግ፣ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ብቻ ነው። ያቀናበረችው ራሷ ናት፣ ከስድስት ዓመት በፊት። ያኔ ለሥራው አዲስ ነበረችና፣ ያሳመረች መስሏት፣ ከላይ ወደ ታች የሚንሳፈፍ ቀይ ጽጌረዳ ምርቃቱ ላይ ጫነችበት። ዋናውንም ቅጂ አጥፍታዋለች።

«ተጣብቋል እኮ፣ እማ» አለ ሣህሉ የንፍሮ ሳህን ይዞ። «ምን ታድርግ?»

አምና «ቆርጦ መቀጠል ካወቅሽ መች አነሰሽ? ግራፊክስ፣ ኮምፖዚቲንግ... ለሠርግ?» እያለ ይስቅባት የነበረው እሱ ነው። ከኢንተርኔት እያየች አንዷን ምስል በምስል ላይ የመደረብ ትምህርት ሳምንት ሙሉ ስትደጋግም፣ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር።

«ተዋት» አሉት አንድ ቀን። «እኔም ዘጌ ተማሪ ሳለሁ ዜማውን በቃሌ ስለማውቅ፣ ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው የዜማ ምልክት ለምኔ ብዬ ነበር። ሳዜመው የኖርሁት የገባኝ ምልክቱን ስማር ነው።»

ወንጌላዊት ቀና አለች።

«አበባው ይወርዳል» አለች። «ግንባራቸውን ሲሸፍን አገጫቸው ይታያል፤ አገጫቸው ላይ ሲደርስ ግንባራቸው። ያልተሸፈነውን ከየምስሉ እየቆረጥሁ፣ አንዱን ባንዱ ላይ እደርባለሁ።»

«ይሆናል?» አሉ እናቷ።

«ተምሬዋለሁ፣ እማ።»

ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ከድንኳኑ የአንዲት ሴትዮ ሹክሹክታ ይሰማታል፤ «ልጅቱ ባባቷ ሐዘን ኮምፒውተር? ምን ዓይነት ጊዜ ነው!» እሷ የጢማቸውን ጠርዝ ትከተላለች። አንድ ምስል። ሌላ ምስል። ቅንድባቸው ጋ ስትደርስ እንባዋ ቀደማት፤ ጠርጋ ቀጠለች።

በሰልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሣህሉ ቴሌቪዥኑን ድንኳኑ ውስጥ አቆመው። መሪጌታ ብቅ አሉ። ግንባራቸው፣ ዓይናቸው፣ ጢማቸው፣ ሁሉም በቦታው ነው። አበባ የሚባል የለም።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ በዚያ በወፍራም ድምፃቸው። «እግዚአብሔር በፍቅር ያኑራችሁ።»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ ባንድ አፍ። ትናንት ያንሾካሸኩት ሴትዮ ድምፅ ከሁሉ በልጦ ተሰማ። ሣህሉ፣ በሠርጉ ቀን እንዳደረገው፣ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ልጅ» አላት ቀና ሳይል፣ «ዳግመኛ ብስቅብሽ ምላሴን ይቁረጠው።»

ወይዘሮ አደይ ግን ተነስተው ቴሌቪዥኑ ጋ ደርሰዋል።

«ጥምጣማቸው ዘሟል» አሉ። «በሠርጉ ጥድፊያ ሳላስተካክልላቸው ወጥተው ኖሯል። እስከ ዛሬ አበባው እየሸፈነብኝ!»

ፈገግ አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በየማለዳው እንዳደረጉት፣ በሁለት ጣታቸው የቴሌቪዥኑን መስተዋት ነክተው፣ ጥምጣሙን ወደ ቀኝ ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉት።