የእህቴ ባል ቡቃያ

የእህቴ ባል የምስር ቡቃያ የሚያበቅለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። የገንዳው ጠርዝ ላይ አሥራ አንድ ጠርሙስ ደርድሯል። ቦታውን የመረጠው ሙቀትና እርጥበት ስላለው ነው። በምግብ ምርመራ ላቦራቶሪ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ባክቴሪያ ቤት ልከራይ ቢል ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

እህቴ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ይህ ሰው በየጠዋቱ አንድ ሳህን ጥሬ ቡቃያ ያበላታል። ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

«ታጥቧል እኮ ጋሼ! በቀን ሦስት ጊዜ!» አለኝ ስቆጣው።

«ባክቴሪያው ከዘሩ ጋር ነው የሚመጣው፤ አንተ ቡቃያውን ስታሳድግ እሱም አብሮ ይራባል። ቀቅለው!»

ደረቱን ያዘ። «ሕይወት ያለውን ነገር? የተቀቀለ ምግብ እኮ ሬሳ ነው!»

ችግሩ፣ ለሱቆች ለመሸጥ የእኛን ላቦራቶሪ የምስክር ወረቀት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ናሙና ውጤት ያየች ባልደረባዬ «ሰውዬው ምንድን ነው የሚያመርተው?» አለችኝ። ስለዚህ ከእህቴ ባል ጋር ተወራረድን፦ ሁለተኛው ናሙና ካለፈ አፌን እዘጋለሁ፤ ከወደቀ እህቴ ጥሬ አትቀምስም።

ሁለተኛው ናሙና አለፈ። አንዲት ባክቴሪያ እንኳ ለምልክት አልተገኘችም! አሥራ ስምንት ዓመቴን ረገምኩ። ከዚያ ከናሙናው የተረፈውን ከረጢት ከፈትኩ። ቡቃያው ተዝለፍልፎ ተኝቷል። በጣቴ ስነካው ፈረሰ።

ቀቅሎታል! ያ የሕይወት ጠበቃ!

ላጋልጠው ብዕሬን አነሳሁ፤ ግን የተሻለ ሐሳብ መጣልኝ። ወረቀቱን ጽፌ፣ በባልደረባዬ አስፈርሜ፣ ራሴ ቤታቸው አደረስኩለት።

እህቴ ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበ። «ናሙናው ለምግብነት አስተማማኝ ሆኖ ተገኝቷል! ሰማሽ? አስተማማኝ! ይህም የሚያገለግለው ምርቱ ለምርመራ በቀረበበት ሁኔታ...» ድምፁ ወረደ። «...ማለትም ተቀቅሎ ሲቀርብ ብቻ ነው።»

«ቀቀልከው?» አለች እህቴ።

«ለአሥር ደቂቃ ብቻ የኔ እመቤት።»

«ለላቦራቶሪው ሬሳ፣ ለእኔና ለልጅህ ባክቴሪያ?»

ድስቱን አስይዛ ወደ ምድጃው ላከችው። ውኃው ሲንተከተክ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ፣ ጨው አቀብለኝ» አለችኝ እህቴ። «ስድስት ወር ሙሉ የጎደለው ጨው ነበር።»

እሷ አንድ ሳህን በላች። ሬሳውን ሁለት ሳህን የበላው ባሏ ነው።